ፍሬኔን በዲስክ ያስቀየርኩ ሰሞን

በሊማሊሞ ቁልቁለት ዐይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ሾፌር ከጎንደር እስከ ደባርቅ ቢፈለግ ከእኔ በቀር አይገኝም። ይህን በየጠላ ቤቱ ተናግሬዋለሁ፤ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተናግሬዋለሁ፤ አንድ ጊዜም በሰው ሠርግ ላይ ሙሽራው ቆሞ እየጠበቀኝ ተናግሬዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ጨፍኜ ነድቻለሁ። ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የጨፈንኩትም ፈርቼ ነው፤ በዚያች ሰዓት መሪውን የያዘው ደግሞ እኔ ሳልሆን አጠገቤ የተቀመጠው መካኒክ ነበር። ስለዚያ መካኒክ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ባሰብኩ ቁጥር ቀልዱ ይቀድመኛል፤ በቀልዱ ስቄ እስክሪብቶዬን አስቀምጣለሁ። ዛሬ ሳልስቅ ልሞክር። ቃል ግን አልገባም።

መኪናዬ የጃፓን ፒክአፕ ናት። ዕድሜዋን ሲጠይቁኝ «ኖኅ ከመርከቡ ሲወርድ ጓዙን የጫነባት ናት» እላለሁ። የሸጠልኝ ሰው ከእኔ በፊት ሰባት ባለቤት እንደነበራት ነግሮኛል፤ ስድስቱ በሕይወት የሉም፤ ሰባተኛው እሱ ነው፤ እሱንም ያን ቀን ያስለው ነበር። እንጀራዬን የበላሁት በእሷ ነው። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር ለቱሪስት ካምፕ ዱቄትና የጋዝ ሲሊንደር አመላልሳለሁ፤ በገበያ ቀን የዳባትን ገብስና ድንች እጭናለሁ፤ ሲገኝም ሊማሊሞን ወርጄ ለቆላ ሰው እህል አደርሳለሁ። ችግሯ አንድ ነበር፤ አትቆምም።

የአራቱም ጎማ ፍሬኗ ታምቡር የሚሉት ዓይነት ነበር። ለማያውቅ ሰው፣ ታምቡር ከጎማው ጋር የሚዞር የብረት ድስት ነው። ውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት ቅስት ብረቶች አሉ፤ ፔዳሉን ስትረግጥ ብረቶቹ ይከፈቱና ድስቱን ከውስጥ ይይዙታል። ደረቅ ሜዳ ላይ ምንም አይወጣለትም። ውኃ ከገባበት ወይም ረጅም ቁልቁለት ላይ ከጋለ ግን መያዙን ትቶ መዳበስ ይጀምራል። ክረምት ላይ ደባርቅ ለመቆም ዳባት ላይ ነበር የምረግጠው። ከኋላ የሚሳፈር ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ነጋዴ፣ አንዳንድ ድንጋይ ታቅፎ ነበር የሚቀመጠው። «ታኮ!» ብዬ ስጮኽ ዘሎ ይወርድና ድንጋዩን ከጎማው ሥር ይሰካል። አንድ መነኩሴ ሦስት ጊዜ አብረውኝ ከተሳፈሩ በኋላ ዋልድባ ድረስ በእግር መሄድ ለነፍሳቸውም ለጉልበታቸውም እንደሚሻል ነግረውኛል።

መካኒኩ የዳባት ሰው ነው፤ ከእኔ ብዙ ያንሳል። ወፍጮ በመጠገን ጀመረ፤ ጎንደር ወርዶ ጋራዥ ውስጥ ተማረ፤ ከዚያ ያለውን ሁሉ አሟጦ አንድ የብየዳ ማሽን፣ አንድ ክሪክና አንድ ሣጥን መፍቻ ገዛና ደባርቅ መግቢያ ላይ በተከራየው ቆርቆሮ ቤት ጋራዥ ከፈተ። ሚስቱንና ሁለት ሕፃናቱንም አምጥቶ ከጋራዡ ጀርባ አስቀመጠ። እጁ ወርቅ ነበር። አፉ ግን ይያዛል። አንድ ቃል ሊያወጣ ሲል አገጩ ይንቀጠቀጣል፤ ዐይኑን ይጨፍናል፤ ፊደሉን አምስት ስድስት ጊዜ ይመታዋል።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ የምተው ሰው አይደለሁም። አፉ ሲያዝ ከኋላው እሄድና ሁለት እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ፣ ባትሪዋ እንደሞተ መኪና እገፋዋለሁ። «አይዟችሁ፣ ግፉ! ሊነሳ ነው! ሁለተኛ ማርሽ አስገባ!» ሰው በሳቅ ይወድቃል። እሱም ይስቃል። ምን ያድርግ? አዲስ መጤ ነው፤ ደንበኛ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ደባርቅ ውስጥ ሰው ከተሰበሰበበት የማልታጣ ነኝ። ስሙን የማያውቁት ሁሉ «ያ የሚገፋው» ይሉት ጀመር። ሥራው የእኔ ነው።

አንድ ቀን መኪናዬን ዞሮ ዞሮ አያትና፣ «ጋሼ፣ የፊ-የፊቶቹን ፍሬኖች በዲስክ ል-ልቀይርልዎ» አለኝ።

«ለዚች አሮጊት? መቃብር አፋፍ ላይ ላለች ሴት የወርቅ ጥርስ ልታስተክል ነው?»

«ት-ትቆማለች» አለ።

በዚያች አንድ ቃል ረታኝ።

ኮሶዬ አጠገብ የተገለበጠች፣ ከእኔዋ በዕድሜ ብዙ የምታንስ ፒክአፕ ነበረች፤ ባለቤቷ እንደ ቅርጫ ሥጋ እየቆራረጠ ይሸጣታል። ሁለቱን የፊት ዲስኮች ከነካሊፐራቸው ከዚያ አመጣ። ዲስክ በግልጥ የሚዞር የብረት ሳህን ነው፤ ካሊፐር የሚሉት ብረት ደግሞ ሳህኑን በሁለት ሸራ ግራና ቀኝ ይነክሰዋል። የተሸፈነ ስላልሆነ ውኃው ይረግፍለታል፤ ሙቀቱንም ነፋስ ይወስድለታል። ሲያወሩት ቀላል ነው። የአንዷ እግር ለሌላዋ እምቢ አለ እንጂ። የብሎኖቹ ቀዳዳ አይገጥምም፤ ካሊፐሩ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ከካርቶን ልክ ቆረጠ፤ ልኩን ይዞ ጎንደር ቶርኖ ቤት ወረደ፤ ያስቀረጸውን ብረት ይዞ ተመለሰ፤ አልሆነም፤ እንደገና ወረደ። በሦስተኛው ገጠመ። የድሮው አቅም አይበቃውም ብሎ ዋናውን የፍሬን ፓምፕ ሳይቀር ለወጠው። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቆሎ እየቆረጠምኩ አስተያየት እሰጥ ነበር።

መጨረሻ ላይ በፍሬኑ ቧንቧ ውስጥ የቀረውን አየር ማውጣት አለ። አንዱ ከመኪናዋ ሥር ይተኛል፤ ሌላው ሲታዘዝ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሲታዘዝ ይለቃል። ከሥር የተኛው እሱ፣ የምረግጠው እኔ።

«ይ-ይ-ይርገጡ!»

«ቆይ እንጂ፤ መጀመሪያው ላይ ነው የምረግጠው ወይስ እስክትጨርስ ልጠብቅ? ልጠብቅ ካልክ ምሳዬን በልቼ ልምጣ።»

በር ላይ የተኮለኮሉት ሥራ ፈቶች አጨበጨቡልኝ። ከመኪናዋ ሥር የሚታዩት እግሮቹ ብቻ ነበሩ። እግሮቹ አልሳቁም።

ሜዳው ላይ አውጥተን ሞከርናት። አስሮጥኳትና ረገጥኩ። ቆመች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በተባለችበት ቦታ ቆመች! ግንባሬ መስታወቱን ሳመው። ከኋላ ያሰርኩት በግ ተወርውሮ በጣሪያው ላይ አልፎ ከፊታችን ቆሞ ጠበቀን ብዬ ለስንት ሰው አውርቻለሁ፤ እውነቱ ግን በጉ ተንበርክኮ ነው የቀረው። መካኒኩ ሳቀ። ስቀልድበት የሚስቀው ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ ያን ቀን ነው ጥርሱን በደንብ ያየሁት። «ጋሼ፣ ይ-ይቺ ሥራ ሰው ታ-ታመጣልኛለች» አለ። እውነቱን ነበር። የአምባ ጊዮርጊስ መስመር ሚኒባሶች ባለቤቶች ወሬውን ሰምተው፣ የእኔዋ ሊማሊሞን ወርዳ ስትመለስ ሊያዩ እየጠበቁ ነበር። እሷ ደህና ከተመለሰች ጋራዡ በእግሩ ቆመ ማለት ነው።

ልሄድ ሞተር ሳስነሳ መስኮቴን ያዘ።

«ጋሼ፣ ዝ-ዝናብ ካደረበት ዲ-ዲስኩ ይ-ይ…»

ሰው ቆሞ ያያል። ምን ሆኜ ልለፈው? ከመኪናዬ ወረድኩ። ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ፣ ዞሬ ከኋላው ሄጄ ጀርባውን ገፋሁት። «ግፉ! ግፉ እንጂ፣ ዳገት ነው!» ሳቁ ቀለጠ። ተመልሼ ገባሁና ሳቁ ሳይበርድ ነዳሁ። በመስታወት ሳየው እጁን አንስቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ተከተለኝና ቆመ።

ሲያድር ዘነበ። ጠዋት ወጥቼ ባይ ሁለቱም ዲስኮቼ ዝገዋል። እንደ በርበሬ ቀልተዋል። ዲስክ እርጥበት ሲያገኘው ላዩ ላይ ቀጭን ዝገት እንደሚያወጣ፣ ሁለት ሦስቴ ፍሬን ሲያዝ ሸራው ራሱ እንደሚጠርገው አሁን አውቃለሁ። ሊነግረኝ የጀመረውም ይህንኑ ነበር። እኛ አገር ግን ብረት ዛገ ማለት ባለቤቱ ተዋረደ ማለት ነው። ከአባቴ የወረስኩት ምንሽር አለኝ። አባቴ በክረምት በየሳምንቱ እየፈቱ ዘይት ይቀቡት ነበር፤ «ያልተቀባ ብረት ያልታጠበ ልጅ ነው» ይሉ ነበር። በሰው ጠመንጃ ላይ ዝገት ያየ እንግዳ ለሰውየው ሚስት ያዝናል።

ስለዚህ አላመነታሁም። የምንሽሩን ጨርቅ አወጣሁ፤ ዘይት አጠጣሁት፤ ሁለቱንም ዲስኮች ፊታቸውንም ጀርባቸውንም አሸኋቸው። እጄ ያልደረሰበት ቦታ በእንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ አስገባሁ። ፍሬን ማለት ብረትና ሸራ ሲፋተጉ ነው፤ እኔ መፋተጊያውን እንደ ቅባኑግ አለሰለስኩት። አበሩልኝ። በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ሲታዩ የሙሽራ አምባር መሰሉ። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር፤ ገበያውን መኻል ለመኻል አቋርጬ ልሄድ ወሰንኩ።

የመጀመሪያውን ቁልቁለት አብሮኝ ሊወርድ ተስማምተን ስለነበር መካኒኩ በጠዋት መጣ። ሰላም ብሎኝ ወደ ፊት ጎማው ሊያጎነብስ ሲል ክላክስ አደረግኩበት።

«ግባ ባክህ! አንተ መርምረህ፣ የመረመርከውን ተናግረህ እስክትጨርስ ገብሱ ጆንያ ውስጥ ይበቅላል።»

ሳያጎነብስ ገባ።

ገበያውን በቀብር ፍጥነት አለፍኩ፤ ሁሉም ዲስኬን ይይልኝ ብዬ። አንድ ጊዜ አህያ ገባብኝና ረገጥኩ፤ አንድ ክንድ ያህል አልፋ ቆመች። መካኒኩ ፊቱን አኮማተረ። «ሸ-ሸራው አዲስ ነው፤ ይ-ይላመዳል» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር።

ከኋላችን አሥር ኩንታል ገብስ አለ። ሊማሊሞ አፍ ስንደርስ ጉም ገደሉን እስከ አፉ ሞልቶታል፤ ካፊያም ይወርዳል። የመጀመሪያውን ኩርባ በቀስታ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ረገጥኩ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ መኪናዋ ግን ትሄዳለች። ደግሜ ረገጥኩ። ትሄዳለች። ከፊት ጭስ ወጣ።

«ዘ-ዘይት ይሸታል» አለ።

«ሽታውን ተወው! አትቆምም እኮ!»

«ማ-ማ-ማ…»

ማርሽ ይቀንሱ ሊለኝ ነው። አፉ ተያዘ። ይህ ሰው ፍሬን ያዝ ብሎ እስኪጨርስ ገደል እንገባለን እያልኩ ስንት ጊዜ አስቄበታለሁ! እሱ ግን መናገሩን ተወና ሠራ። በአንድ እጁ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ፤ በሌላው መሪዬን ያዘና ከገደሉ ወደ ተራራው ጠመዘዘው። ዐይኔን የጨፈንኩት በዚህ ጊዜ ነው። እግሬ ፔዳሉ ላይ ነበር፤ እጆቼ ጆሮዬ ላይ። ጆሮዬን ለምን እንደያዝኩ አላውቅም።

መኪናዋ የተራራውን ግድግዳ እየፋቀች ሄዳ ቆመች። ስትቆም አንድ ለስላሳ ነገር መታች።

በቅሎ ነበረች። ባለቤቷ በሳንቃ በር መንገድ የቱሪስት ጓዝ የሚጭን ሰው ነው፤ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ቆላ ዘመድ ጠይቆ ሲመለስ ከካፊያው ሊያስጠልላት ከድንጋዩ ሥር አስጠግቷት ነበር። በመኪናዋ አፍንጫና በተራራው መካከል ተጣብቃ ሁለት የኋላ እግሮቿ ተሰበሩ። ወዲያው አልሞተችም። ራሷን ታነሳለች፤ ታያለች፤ መልሳ ታስቀምጣለች። ሰውየው ጋቢውን አውልቆ ዐይኗን ሸፈነላትና «ቆይ እሜቴ፣ ቆይ፣ ቆይ» እያለ አንገቷን ያሻሽ ጀመር።

እኔ ወረድኩ። ወደ በቅሎዋ አልሄድኩም። ወደ ፊት ጎማዬ ነው የሄድኩት። የጋቢዬን ጫፍ በቸርኬው ቀዳዳ አስገብቼ ዲስኩን ጠረግኩ። ጣቶቼ ተጠበሱ፤ የጋቢዬ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ወደ ሌላኛው ጎማ ዞሬ ያንኑ አደረግኩ። ቀና ስል መካኒኩ ቆሞ ያየኛል። ጋቢዬን አየ፤ ጎማውን አየ፤ እኔን አየ። አፉን ከፈተ፤ አገጩ ተንቀጠቀጠ። ይህን ጊዜ ከላይ አንድ የጭነት መኪና ደርሶ ሰዎች ዘለው ወረዱ።

«መሪዬን ነጠቀኝ!» አልኩ። «ፍሬኑን አበላሽቶ ሠራ፣ ደግሞ መሪዬን ነጥቆ የሰው በቅሎ ገደለ!»

ከእሱ አፍ አንድ ቃል እስኪወጣ እኔ ሦስት ጊዜ ተርኬው ነበር። በሦስተኛው ላይ ገደሉም ጠልቆ፣ እኔም ጀግና ሆኜ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደባርቅ ውስጥ ያልተናገርኩበት ቦታ የለም። «ፍሬን ሠርቶልኛል፤ መቼም እውነት ለመናገር ያቆማል፤ በቅሎዋን ለዘላለም አቁሟታል» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እየሳቀም መኪናውን ሌላ ቦታ ይወስዳል። ሚኒባሶቹ ቀሩ። እሱ ዘንድ ሞተሩን አስፈትቶ የነበረ አንድ ሰው የተፈታውን በጆንያ አስጭኖ መኪናውን አስጎትቶ ወሰደ። ባለፍኩ ቁጥር መካኒኩ በሩ ላይ ተቀምጦ መፍቻዎቹን በጨርቅ ሲያብስ አየዋለሁ። ንጹሕ ናቸው፤ ያብሳቸዋል።

የበቅሎዋ ባለቤት ሽማግሌ አስቀመጠን። ጥያቄው አንድ ነበር፤ በቅሎዋን ማን ይተካ፣ ሾፌሩ ወይስ መካኒኩ? እኔ ብተካ ይከብደኝ ነበር እንጂ አይገድለኝም። እሱ ግን ከመሣሪያዎቹ በቀር የሚሸጠው አልነበረውም፤ መሣሪያዎቹ ከሄዱ ጋራዡም ስሙም አብረው ይሄዳሉ። ይህን ያኔም አውቀው ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጽዱ ሥር ተቀመጥን። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ የደብሩ መምሬ፣ የእህል ነጋዴው ሐጂ፣ አንድም ስካውት የሚሏቸው፣ ጡረታ የወጡ የፓርክ ጠባቂ። ሰው ደግሞ ዙሪያውን ሞልቷል፤ እኔ ስናገር ሊሰማ የመጣ ነው።

«ተናገር ልጄ» አሉት መምሬ መካኒኩን።

«ዲ-ዲስኩ ላይ ዘ-ዘ-ዘይት ነበረበት መምሬ። ፍሬን ዘ-ዘይት ከነካው…»

«ዘይት?» ብዬ ተነሳሁ። «ዘይትስ እውነቱን ነው! እስቲ እዩት እንጂ ሰውየውን፤ እስከ ጆሮው ዘይት ነው። የዚህን ሰው ሸሚዝ ጨምቃችሁ የፍልሰታን ወጥ ትሠሩበታላችሁ!»

ሕዝቡ አውካካ። ሐጂው ሳይቀሩ ጢማቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ያልሳቁት የድሮው ስካውት ብቻ ነበሩ።

«አንተ ሰው፣ ጨዋታውን ተውና መልስልኝ» አሉ። «ከእሱ ከወጣች በኋላ መኪናዋ የት አደረች?»

«ቤቴ።»

«ፍሬኗን የነካ አለ?»

«ማን ይነካል?»

«አንተ አልነካህም? ዘይት አላስነካህም?»

«አላስነካሁም።»

«ትምላለህ?»

«እምላለሁ እንጂ!»

በእኛ ዘንድ ነገር ሲጠላለፍ መጨረሻው መሐላ ነው። የተጠረጠረው ከማለ ነጻ ይወጣል። በሐሰት ከማለ ግን መዘዙ በእሱ አያበቃም፤ ወደ ልጁ፣ ወደ ልጁ ልጅ ይወርዳል። ከወዲያኛው ወገን ያለው «መሐላው ይቅር» ካለ ደግሞ ነገሩን ለቀቀ፣ ጥፋቱን በራሱ ወሰደ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጽዱ ሥር አልነበረም። ልጄ በዚያ ሰሞን የበኩር ልጇን ልትወልድ እኔ ቤት መጥታ፣ ወሯ ገብቶ ነበር። ይህንንም የማያውቅ አልነበረም።

መምሬ መስቀላቸውን አወጡ። «በል፤ ዘይት ያስነካሁ እንደሆነ በዘሬ ይድረስብኝ በል» አሉኝ።

እጄን ዘረጋሁ። እዚህ ላይ ጉልበቴ ተብረከረከ፣ ምራቄ ደረቀ ብዬ ብጽፍ ያምርልኝ ነበር። አልተብረከረከም። ልጄም ትዝ አላለችኝም። ትዝ ያለኝ ዝናቡ ሳይመጣ ብንጨርስ የሚል ነው። ልምል ነበር።

መካኒኩ ተነሳ። «አ-አታስምሉት» አለ።

«ምን አልክ?»

«አ-አታስምሉት መምሬ። ል-ል-ል…»

አፉ ተያዘ። ከሰዉ መካከል አንዱ «ግፉት!» ብሎ ጮኸ፤ የእኔ ተማሪ ነው። ሳቁ ተነሳ። መካኒኩ ዐይኑን ጨፈነ። ቃሉ እምቢ ሲለው ሁለት እጁን ከሆዱ ፊት አድርጎ የእርጉዝ ሆድ አሳየ። ሳቁ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ወጣለት።

«ልጁ እርጉዝ ናት። መሐላው ይቅር።»

ስካውቱ ጎንበስ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ያልከውን ታውቃለህ? ይቅር ካልክ በቅሎዋ በአንተ ላይ መሆኗ ነው።»

«አ-አውቃለሁ አባቴ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሐጂው ሌላ ነገር ይናገር እንደሆነ ብለው ብዙ ጠበቁት። መምሬ መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና ፍርዱን ተናገሩ፤ በቅሎዋን መካኒኩ ይተካል። እኔ ወዲያው «ተመስገን! እውነት መቼም አትጠፋ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

የብየዳ ማሽኑን፣ ክሪኩንና መፍቻዎቹን ሸጠ። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሄዶ በቅሎ ገዛና ደባርቅ ድረስ በእግሩ እየጎተተ አመጣት። ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ሊቀመጥባት ይችል ነበር፤ የሰው ንብረት ናት ብሎ አልተቀመጠባትም። ከተማ ሲገባ እኔ ከጓደኞቼ ጋር ጠላ ቤት በር ላይ ነበርኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርሷል። «እንዴት አድርጎ ነው የሚያቆማት? እሷም በዲስክ ናት እንዴ?» አልኩ። ሳቁልኝ። በቅሎዋን ለባለቤቷ አስረከበና በማግስቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ዳባት ገባ። አሁንም እዚያው ነው፤ በየመንደሩ እየዞረ በሰው መፍቻ ወፍጮ ይጠግናል ይባላል። ልጄ በሰላም ወለደች።

የእኔዋ ፒክአፕ ሸራዎቿ ዘይት ስለጠጡ መለወጥ ነበረባቸው። ጎንደር ወሰድኳት። ጋራዡ ትልቅ ነው፤ ባለቤቱ ሽበታም፣ ቁጡ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ጎማውን አስፈትተው አጎነበሱ። ካሊፐሩ የተቀመጠበትን ብረት በጣታቸው ዳሰሱት፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ በስም እየጠሩ ሰበሰቡ።

«ኑ፣ እዩ! ሥራ ማለት ይሄ ነው። ይህቺ መኪና ለዲስክ አልተፈጠረችም፤ ከልኩ ጀምሮ በእጅ ነው የወጣው። ኮሌጅ ጨርሰናል የምትሉት ኑና እዩ!» ወደ እኔ ዞሩ። «ጌታው፣ ይህን የሠራው ማነው? ያለበትን ብቻ ይንገሩኝ። እንዲህ ያለ እጅ ሳገኝማ ዛሬውኑ ነው የምቀጥረው፤ መኪና ልኬ ነው የማስመጣው።»

ሠራተኞቹ ክብ ሠርተው ያዩኛል። አስተያየታቸው ደስ አለኝ። ሰው በአክብሮት ሲያየኝ አልለመድኩም፤ የለመድኩት ስቆ ሲያየኝ ነው።

«እኔ ራሴ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ጨበጡኝ። ብሎን በየት በኩል ሲዞር እንደሚፈታ እንኳ እስከ ዛሬ አላውቅም።